ከዝላዩ በፊት ያለው ውሃ

ፎቶውን ታውቁታላችሁ። አንድ ወጣት አየር ላይ ነው፤ እጆቹ ተዘርግተዋል፣ ጉልበቶቹ ታጥፈዋል። ከበታቹ አረንጓዴ ውሃ፣ ከኋላው የድንጋይ አጥርና አጥሩን እንደ ጣት ጨብጦ የያዘ የዛፍ ሥር ይታያል። በቀን መቁጠሪያ ታትሟል፤ የሆቴል ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ በየዓመቱ ጥር 11 ደግሞ ስልካችን ላይ እየዞረ ይደርሰናል። ቦታው ጎንደር፣ ቀኑ ጥምቀት፣ ውሃው ያለበት ደግሞ የፋሲለደስ መዋኛ የምንለው ገንዳ ነው።

እኔ ፎቶ አንሺ ነኝ። የምኖረውም የምሠራውም አዲስ አበባ ውስጥ ተክለ ሃይማኖት ነው፤ መርካቶ ጫፍ። እንጀራዬ ሰርግ፣ ክርስትናና ምርቃት ነው። ይህን ዝላይ ለማንሣት ሁለት ጊዜ፣ በ2011 እና በ2014 ዓ.ም.፣ ጎንደር ሄጃለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ፎቶውን ይዤ ተመልሻለሁ፤ ሁሉም ሰው ያለውን ፎቶ ማለቴ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ሐሳቤን የያዘው ፍሬሙ ውስጥ ያልገባው ነገር ነው፦ ውሃው በየት በኩል መጣ? ፎቶ አንሺውስ ምን ላይ ቆሞ ነበር? የበዓሉ ታሪክ ያለው እዚያ ይመስለኛል።

ውድድር ነው ወይ?

በሌላው ዓለም በከተማ ወንዝ ውስጥ የሚደረግ ባህላዊ የዋና ውድድር አለ። የአየርላንድ ዋና ከተማ ደብሊን በመሃሏ በሚያልፈው በሊፊ ወንዝ ከ1920 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እንዲህ ያለ ውድድር ታካሂዳለች፤ መነሻ አለው፣ መድረሻ አለው፣ አሸናፊ አለው። ወደ እኛ ልማድ ቀረብ የሚለው ግን የግሪክ ኦርቶዶክሶቹ ነው። በጥምቀታቸው ቀን ካህኑ መስቀል ወደ ውሃው ይጥላል፤ ወጣቶች ዘለው ይሻማሉ፤ ቀድሞ ያገኘው የዓመቱ በረከት የእሱ ነው ይባላል። አሜሪካ ፍሎሪዳ ውስጥ ታርፖን ስፕሪንግስ የምትባል፣ የግሪክ ስፖንጅ ጠላቂዎች የሰፈሩባት ከተማ ይህን ስታደርግ ከመቶ ዓመት አልፏታል።

ጎንደር ላይ መስቀል አይጣልም፤ ዳኛ የለም፣ ሰዓት የሚይዝ የለም፣ ሽልማትም የለም። ሊቃውንቱን ብትጠይቁ ነገሩ ጸሎት እንጂ ውድድር አይደለም ይሏችኋል፤ ልክ ናቸው። ገንዳው ዳር ቆማችሁ ስታዩት ግን ሌላም ነገር አለ። ታቦታቱ በከተራ ዕለት መጥተው አድረዋል፤ ሌሊቱን ሙሉ ማሕሌት ተቆሟል፣ ተቀድሷል። ሲነጋጋ ካህናቱ ወደ ውሃው ቀርበው ጸሎቱን ያደርሳሉ፣ ውሃውን በመስቀል ይባርካሉ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ወጣቶቹ አጥሩ ላይ፣ ዛፉ ላይ፣ የገንዳው ከንፈር ላይ ተደርድረው የካህናቱን እጅ እያዩ ነው። ቀድሞ መግባት ክብር ነው። ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም በአዋጅ አልነገረውም። አንዳንዱ ሳይባረክ ዘሎ ይገባና ከዳር ያለው ሰው «ኧረ ቆይ አንተ!» እያለ ይጮህበታል። ከዚያ ቡራኬው ያበቃል፣ እልልታው ይቀልጣል፣ ውሃው በአንድ ጊዜ ሰው በሰው ይሆናል።

ዝላዩ ራሱ አንድ ሰከንድ አይሞላም። ሻተሩ በ1/1000 ሰከንድ ከተከፈተ የውሃው ጠብታ እንደ ብርጭቆ ስባሪ አየር ላይ ይቆማል፤ በ1/60 ከሆነ ልጁ ጭስ ይሆናል። ገበያ የሚወደው የመጀመሪያውን ነው። ልጆቹም ይህን አውቀውታል። በ2014 አጥሩ ላይ የቆመ አንድ ጎረምሳ ካሜራዬን አይቶ «ጋሼ፣ አንሣኝ! ልዘል ነው!» ብሎ ጠራኝና ዓይኔን እስካይ ጠበቀ። ዘለለ፤ አነሣሁት። ከካህናቱ እጅ ይልቅ የእኔን ጣት ነበር የጠበቀው። ያን ጊዜ ነው ካሜራው ከዳር ቆሞ የሚያይ ብቻ እንዳልሆነ፣ የውድድሩ አንድ ዳኛ ሆኖ እንደገባ የታየኝ።

ቦዩ

ወደ ኋላ እንመለስ። የጥምቀትን ሥርዓት በዓይናቸው አይተው በዝርዝር ከጻፉት የውጭ ሰዎች አንዱ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። ፖርቱጋላዊ ቄስ ነው፤ በ1520 (እ.ኤ.አ.) ከመልእክተኞች ጋር መጥቶ በአፄ ልብነ ድንግል ዘመን ስድስት ዓመት ያህል ኖረ፤ መጽሐፉ በ1540 ታተመ። ንጉሡ ባሉበት የተዘጋጀውን ጥምቀተ ባሕር ሲገልጽ ከሁሉ አስቀድሞ ዓይኑ ያረፈው ሥራው ላይ ነው፦ መሬት ተቆፍሯል፣ ጎንና ጎኑ በሳንቃ ተደግፏል፣ ሳንቃው ሰም በተነከረ የጥጥ ጨርቅ ተሸፍኗል፤ ውሃው በቦይ ተስቦ፣ በጨርቅ እየተጣራ ይገባል። ሥነ ሥርዓቱን፣ ሕዝቡን፣ በውሃው ውስጥ የቆመውን ሽማግሌ ካህን ሁሉ ይነግረናል። እኔን ግን የማረከኝ ያ ጨርቅ ነው። አንድ ሰው ቦዩ አፍ ላይ ማጣሪያ አስሯል። ስሙ አልተጻፈም።

ከመቶ ዓመት በኋላ ጎንደር ተቆረቆረች። ገንዳው በልማድ የሚሰጠው ለአፄ ፋሲለደስ ነው፤ የነገሡት ከ1632 እስከ 1667 (እ.ኤ.አ.) ነው። ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ወጣ ብሎ፣ በቀሃ ወንዝ አቅራቢያ፣ በድንጋይ አጥር የተከበበ ሰፊ ገንዳ ነው። አንድ ባለ ፎቅ ግንብ በውሃው ላይ ቆሟል፤ ወደ እሱ የሚያሻግር ድልድይ አለ። አልቫሬዝ ያየው ለአንድ በዓል የተቆፈረ ጉድጓድ ነበር፤ ይህ ደግሞ ለዘለቄታ በድንጋይና በኖራ የተሠራ ነው። አንድ ነገር ግን አልተለወጠም፦ ውሃው አሁንም በቦይ ነው የሚመጣው። ገንዳው ዓመቱን ሙሉ ደረቅ ሆኖ ይከርማል። በዓሉ ሲቃረብ ይጸዳል፣ የቀሃ ውሃ ይለቀቅበታል፣ እስኪሞላም ቀናት ይፈጃል።

እንግዲህ ጎንደር የከተማ ወንዝ አላት፤ በወንዙም ይዋኛል። የሚለየው ወንዙ ወዳለበት ሰው ከሚሄድ ይልቅ ወንዙ በቦይ ተመርቶ ወደ ሰው መምጣቱ ነው።

ይህ ሥራ ሳይቋረጥ የቆየው ከተማዋ ሰላም ስለነበረች አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ በ1866 (እ.ኤ.አ.) ጎንደርን ዘረፉ፣ አብያተ ክርስቲያናቷንም አቃጠሉ። በ1888 ደግሞ የሱዳን መሐዲስቶች የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል አድርገው ገቡና የቀረውን አጠፉ። አርባ አራቱ ታቦት እየተባለ የሚጠራው የከተማዋ ክብር አመድ ሆነ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ ነው፤ ንቦች ጠበቁት ይላል ሕዝቡ። ከዚያ ሁሉ እሳት በኋላ ሰዉ ወደ ገንዳው ተመለሰ። ለመመለስ ደግሞ መጀመሪያ ቦይ መጥረግ ያስፈልጋል። የዚያን ዘመን ፎቶ የለንም፤ ግን ውሃ በቦይ ሲመጣ ሁልጊዜ ከፊቱ አካፋ የያዘ ሰው አለ።

ካሜራው

ፎቶ ወደ አገራችን ሲገባ ለዝላይ የሚሆን መሣሪያ አልነበረም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ የነበረው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን፣ ከእሱም በኋላ ሙያውን የወረሱት ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒ፣ ያነሡልን መኳንንትና ነገሥታት ቀጥ ብለው የቆሙ ወይም የተቀመጡ ናቸው። ለክብርም ነው፤ ለመሣሪያውም ነው። ትልቅ የእንጨት ካሜራ፣ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ፣ የመስተዋት ሰሌዳ ይዞ የሚሠራ ሰው የሚንቀሳቀስ ነገር አይወድም። በእንዲህ ያለ ካሜራ የተነሣ በዓል ጥላና ካባ፣ መስቀልና ጽና ነው። ውሃ ውስጥ የሚገባ ጎረምሳ ቢኖር እንኳ ጭስ ሆኖ ይቀራል።

በ1925 (እ.ኤ.አ.) ላይካ የምትባለው ትንሽ ካሜራ ለገበያ ስትቀርብ ሻተሯ እስከ 1/500 ሰከንድ ይደርስ ነበር። ካሜራ በኪስ ተይዞ ዛፍ ላይ መውጣት ተቻለ። ከዚያ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የቱሪዝሙን ሥራ ሲያቋቁሙ «የ13 ወር ፀጋ» የሚለውን መፈክርና የኢትዮጵያን ፖስተሮች ለዓለም አስተዋወቁ፤ ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ አክሱምንና ላሊበላን ያያያዘው የታሪክ ጉዞ መስመርም በዚያ ዘመን ሥራ ጀመረ። ገናን በላሊበላ፣ ጥምቀትን በጎንደር ማክበር የመንገደኛ ደንብ ሆነ። በ1979 ዩኔስኮ ፋሲል ግቢን ገንዳውን ጨምሮ በዓለም ቅርስነት መዘገበ። ፈጣን ሻተር፣ የአውሮፕላን መስመርና ፖስተር ሲገናኙ ከሁለት ቀን ሥርዓት ውስጥ አንዷ ሰከንድ ተመርጣ ወጣች። ዛሬ ስለ ጎንደር ጥምቀት የሚታየው ያቺ ሰከንድ ነች። ማሕሌቱ፣ ቅዳሴው፣ በሃይላንድ ጠበል የሚቀዱት እናቶች፣ ለአልጋ ቁራኛ ዘመድ ተሸክመው የሚሄዱት ጀሪካን ለፖስተር አይመችም።

እኔም ስሸጥ የኖርኩት ያቺን ሰከንድ ነው፤ ደንበኛ የሚጠይቀው እሷን ነውና። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባላል። ለጥምቀት ያልሆነ ሌንስም እንደዚያው።

ርብራቡ

አሁን ፎቶ አንሺው ምን ላይ ይቆማል ወደሚለው እንምጣ። ገንዳው በዛፍና በአጥር የተከበበ ስለሆነ ከመሬት ሆኖ ለማየት አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ በየዓመቱ ከባሕር ዛፍ ግንድና ከሳንቃ ደረጃ ደረጃ ያለው ርብራብ ይሠራል። እንግዳ ይቀመጥበታል፣ ካሜራ የያዘ ይቆምበታል። በ2011 እኔም እዚያ ላይ ነበርኩ። ሰዉ ለማየት አንድ ላይ ወደፊት ሲያጋድል ሳንቃው ከእግሬ ሥር ሲላወስ ይሰማኝ ነበር። አጠገቤ የነበሩ አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው «አይዞህ ልጄ፣ ታቦት ባለበት ምንም አይሆንም» አሉኝ። እኔም በልቤ አሜን ብዬ ሌንሴን አስተካከልኩ።

በተከታዩ ዓመት የኢትዮጵያ የጥምቀት በዓል በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ፤ ውሳኔው የተሰጠው በኮሎምቢያ ቦጎታ ነበር። ከዚያ አንድ ወር ከሳምንት ያህል ቆይቶ፣ ጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ የጎንደር ጥምቀት ከወትሮው ሁሉ የበለጠ ሰው ጠብቆ ተከበረ። ጠዋት ላይ የእንጨቱ ርብራብ ተደረመሰ። 10 ሰዎች መሞታቸው ተዘገበ፤ የተጎዱት ብዙ ነበሩ። በዓሉ ግን ቀጠለ።

የዚያን ቀን ፎቶዎች ዛሬ ፈልጉ። ዝላዩን ታገኛላችሁ፤ ውሃው ያው አረንጓዴ ነው፣ ጠብታው ያው ብርጭቆ ነው። ያለ ጽሑፍ ካያችሁት የ2011 ይሁን የ2012 ወይም የ2014 መሆኑን መለየት አትችሉም። ፎቶው የሚያሳየው ከርብራቡ ላይ ሆኖ የሚታየውን እንጂ ርብራቡን አይደለም። ሰዎቹ የሞቱት በዓሉን ለማየት በተሠራው ነገር ላይ ሆነው ነው፤ እኔ ባለፈው ዓመት በቆምኩበት ዓይነት ሳንቃ ላይ። በውሃው ውስጥ ያለው ልጅ በፖስተር ላይ ስም ባይኖረው እንኳ ፊት አለው። እነሱ ግን በበዓሉ የምስል ታሪክ ውስጥ ፊትም የላቸውም።

በ2014 የተመለስኩት ይህን እያሰብኩ ነው። ያ ዓመት በውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን ወደ አገር ቤት እንዲመጡ ጥሪ የተደረገበት ነበርና በየማዕዘኑ ስልኩን ከፍ አድርጎ የሚቀርጽ ሰው ሞልቶ ነበር። ዝላዩን አነሣሁ። ከዚያ ግን ጀርባዬን ለውሃው ሰጥቼ የሚያየውን ሰው ማንሣት ጀመርኩ፤ አንገቱን ያሰገገውን፣ ሕፃን ትከሻው ላይ ያወጣውን፣ ጫማውን አውልቆ በእጁ የያዘውን።

ከዳር የሚያየው ሰው

ኋላ ላይ ሳነብ ይህን ያደረገ ሌላ ሰው እንዳለ አወቅሁ። ጃክ ቢ. ዬትስ የሚባል የአየርላንድ ሠዓሊ፣ የባለቅኔው የደብልዩ. ቢ. ዬትስ ወንድም፣ ቅድም የጠቀስኩትን የደብሊን ወንዝ ውድድር ሣለው። ያኔ ኦሊምፒክ ለሥነ ጥበብም ሜዳልያ ይሰጥ ነበርና በ1924 (እ.ኤ.አ.) ፓሪስ ላይ ሥዕሉ የብር ሜዳልያ አገኘ፤ ለነፃዋ አየርላንድ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ሜዳልያ ነው። የዋና ሥዕል ነው ቢባልም ዋናተኞቹ ትንንሽ ሆነው ከታች፣ ከወንዙ ውስጥ ናቸው። ሸራውን የሞላው ሕዝቡ ነው፦ የወንዙ ዳር ግንብ ላይ የተደገፈ፣ አንገቱን ያሰገገ፣ እርስ በርሱ የሚጋፋ ሰው። ሠዓሊው የቆመው ከእነሱ ኋላ ነው። ማን እንዳሸነፈ ሥዕሉ አይነግረንም። ከተማዋ ያን ቀን ወንዟን ለማየት እንደወጣች ግን ይነግረናል።

ይህ ለእኔ ትልቅ ትምህርት ነው። ዋናተኛው የውድድሩ ጉዳይ ነው፤ ተመልካቹ ግን የከተማው ጉዳይ ነው። ሁለቱን በአንድ ፍሬም የሚይዝ ሰው ከመቶ ዓመት በኋላ ለሚያይ ሰው ማስረጃ ትቶ ይሄዳል።

የእኛስ ወንዝ?

ፎቶዎቹን አትሜ ተክለ ሃይማኖት ሱቄ ውስጥ ስሰቅል ሰፈርተኛው ሁሉ የሚያቆመው ዝላዩ ላይ ነው። ጥያቄውም አንድ ነው፦ «በዚህ ውሃ እንዴት ይዋኛሉ? አያማቸውም?» የአዲስ አበባ ሰው ጥያቄ ነው። የከተማ ወንዝ ሲባል አፍንጫውን የሚይዝ ሰው ጥያቄ ነው።

አዲስ አበባ ግን ከውሃ የተወለደች ከተማ ናት። እቴጌ ጣይቱና ዳግማዊ ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ወደ ታች የወረዱት የፍልውሃው ምንጭ ስቧቸው ነው። ከእንጦጦ የሚወርዱት ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ባንትይቀጡና ሌሎቹም ከተማዋን ሰንጥቀው ወደ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይሄዳሉ። ዕድሜያቸው የገፋ ጎረቤቴ በልጅነታቸው ከትምህርት ቤት ጠፍተው ቀበና ይዋኙ እንደነበር ሲነግሩኝ ልጃቸው አላምን ብሎ ይስቃል። ዛሬ ወደነዚህ ወንዞች የቤት ፍሳሽ፣ የጋራዥ ዘይትና የፋብሪካ ዝቃጭ ይገባባቸዋል። ለዚህ ነው በጃን ሜዳ ጥምቀት ጠበሉ በጎማ ሲረጭ የምናነሣው እንጂ ዝላይ የሌለን።

የማይመለስ ነገር አይደለም። ፓሪስ በሴን ወንዝ መዋኘትን የከለከለችው በ1923 (እ.ኤ.አ.) ነበር፤ ዬትስ ሜዳልያውን ከማግኘቱ አንድ ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ለ2024 ኦሊምፒክ 1.4 ቢሊዮን ዩሮ ያህል አውጥታ ወንዙን አጸዳች፤ በ2025 ክረምት ደግሞ ለሕዝብ ከፈተችው። እኛም በ2011 ዓ.ም. የሸገር ወንዞች ዳርቻ ፕሮጀክት 56 ኪሎ ሜትርና 29 ቢሊዮን ብር ተብሎ ሲጀመር ሰምተናል፤ ከዚያም ወዲህ መናፈሻዎችና የእግር መንገዶች ተሠርተዋል። ዳርቻው አምሯል። ዳርቻ ማሳመር ግን ፎቶውን ማሳመር ነው። ውሃው የሚጸዳው ከላይ፣ ቱቦው ከሚጀምርበት ከየቤታችንና ከየሱቃችን ነው። አልቫሬዝ ያየው ጨርቅ የታሰረው ሕዝቡ በሚያይበት በኩል አልነበረም፤ ቦዩ አፍ ላይ ነበር።

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ጎንደር መሄድ እንደ ድሮው አልሆነም። እንግዳ ቀንሷል፣ ካሜራም ቀንሷል። ገንዳው ግን ይሞላል። ታቦታቱ ይወርዳሉ፣ ልጆቹም ይዘላሉ፤ «ጋሼ አንሣኝ» የሚሉት ሰው ባይኖርም። ውሃው ለፎቶ ተብሎ የመጣ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

በአማርኛ ፎቶ እናነሣለን እንላለን። የወደቀን ሰው፣ የተረሳን ነገርም እናነሣለን። በሚቀጥለው ጉዞዬ ቀደም ብዬ፣ ገንዳው ገና ደረቅ እያለ ለመድረስ አስቤያለሁ። ወለሉን የሚጠርጉትን፣ ቦዩን የሚከፍቱትን፣ ርብራቡን የሚቸነክሩትን አናጺዎች፣ የሚቸነክሩበትንም ምስማር ላነሣ። በዓሉ ሲደርስ ደግሞ ዝላዩን አነሣለሁ፤ ደንበኞቼ ይጠብቁታል።